ኬሚስትሪ ደረሳችሁ? ከምደባው ቀን እስከ መጀመሪያው ሺፍት

የምደባው ዝርዝር የተለጠፈ ቀን ስሜን ለማግኘት ብዙ አልፈለግሁም። አንደኛ ምርጫዬ ፋርማሲ ነበር። የደረሰኝ ኬሚስትሪ ነው። ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«ምን ደረሰህ?»

«ኬሚስትሪ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ሲጨርሱት ምን ይኮናል?»

«ኬሚስት።»

«እንግዲህ መድኃኒት ቤት ትከፍታለሃ! እሰይ ልጄ!»

አላረምኳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ሁሉ ፋርማሲስት እንደምሆን ያውቅ ነበር፤ ከእኔ በስተቀር።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ እንደ እኔ ስሙን እዚያ ዝርዝር ላይ ላገኘ፣ ወይም የምርጫ ፎርም ሊሞላ እስክሪብቶ ላነሣ ተማሪ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ የሠራሁት ጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ምክሬም ወደዚያው ያደላል። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር ለኬሚስት ሥራ የሚሰጠው እጁን አይቶ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ወድቄ ነው። በመጀመሪያው የሥራ ፈተናዬ ላይ ፈታኙ የ37 ከመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ ፊቴ አስቀመጠና «ከዚህ 0.1 ሞላር የሆነ 1 ሊትር አዘጋጅልን» አለኝ። ሞላር በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ኬሚካል እንዳለ የሚናገር መለኪያ ነው። ስሌቱን በአንድ ደቂቃ ጨረስኩ። ከዚያ ቤከር፣ ያንን አፈ ሰፊ የላብ ብርጭቆ፣ አንሥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ፈታኙ ወረቀቱን አጠፈና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ምን እንዳጠፋሁ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

1. ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ስሞቹን ለዩ

ኬሚስትሪ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ፣ ፋርማሲ። ከሩቅ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ልዩነቱን በአረቄ ላስረዳችሁ። አንድ ጠርሙስ አረቄ ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል። ኬሚስቱ ውስጡ ምን ምን እንዳለ ይለካል፤ ኤታኖሉ ስንት ከመቶ ነው? ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል ገብቶበታል ወይ? ኬሚካል መሐንዲሱ በቀን 10,000 ሊትር የሚያወጣ ማጣሪያ ይነድፋል፤ ሐሳቡ ቧንቧው፣ እንፋሎቱና የነዳጁ ወጪ ላይ ነው። ፋርማሲስቱ ደግሞ ሜትሮኒዳዞል እየወሰዳችሁ አረቄ እንዳትቀምሱ ያስጠነቅቃችኋል።

ፋብሪካ መንደፍ የሚያምራችሁ ከሆነ ቤታችሁ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ መግቢያውም በምህንድስና በኩል ነው። መድኃኒት ቤት መቆም ከሆነ ሕልማችሁ በኬሚስትሪ ዲግሪ ፈቃድ አታገኙም። ለእናቴም ያኔውኑ መንገር የነበረብኝ ይህንን ነው።

መደበኛው የኬሚስትሪ ዲግሪ ፍሬሽማንን ጨምሮ 4 ዓመት ይወስዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው 4 ኪሎ ግቢ ነው። በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐረማያ፣ በሐዋሳ፣ በጎንደርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ዲፓርትመንቱ አለ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደግሞ አፕላይድ ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። ሁለቱ ለፋብሪካ ወሬ ቀረብ ይላሉ። መምህር መሆን የምትፈልጉ የኬሚስትሪ መምህርነትን የትምህርት ኮሌጆች ባሉባቸው ግቢዎች ጠይቁ።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ሲኒየር ያዙና ሦስት ነገር ጠይቁት። በሳምንት ስንት ጊዜ ላብ ትገባላችሁ? የትኛው መሣሪያ ይሠራል፣ የትኛው ቆሟል? ለተግባር ልምምድ የት ይልኳችኋል? መልሱ የግቢውን ስም ያህል ይመዝናል።

2. ፍሬሽማን ላይ ሞልን ጨርሱት

በፍሬሽማን የምትወስዱት ብዙው ኮርስ ከሌላው ተማሪ ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ጀነራል ፊዚክስ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ። ጂፒኤው ለምደባ ስለሚያስፈልግ ሁሉንም ሥሩ። እኔ የምለው ግን ሁለት ነገር ነው።

አንዱ ሞል ነው። ደርዘን ማለት 12 ማለት አይደል? ሞልም እንደዚያው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ተለቅ ማለቱ ነው እንጂ፤ 602 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን። ይህን ያልገባው ተማሪ እስከ 4ኛ ዓመት ቀመር ሲሸመድድ ይኖራል። የገባው ደግሞ ቀመሩን ራሱ ያወጣዋል። ግራምን ወደ ሞል፣ ሞልን ወደ ሞላር፣ ሞላርን ወደ ሚሊ ሊትር መቀየር እንጀራ እንደ መቁረስ እስኪቀላችሁ ድረስ በየቀኑ 5 ጥያቄ ሥሩ።

ሌላው ካልኩለስ ነው። «እኔ የመጣሁት ለኬሚስትሪ ነው፣ ሒሳቡን እንደምንም ልለፍ» ያለ ሰው 3ኛ ዓመት ላይ ፊዚካል ኬሚስትሪ ይጠብቀዋል። ቴርሞዳይናሚክስና ኳንተም በቸከላ አይታለፉም። ሞክሬዋለሁ።

3. ቡሬቱን ያዙ

እዚህ ላይ ልረዝም ነው፤ ዲግሪው ያለው እዚህ ስለሆነ።

የብዙ ግቢ ላብ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሰባት ተማሪ ለአንድ ቡሬት፤ ቡሬት ፈሳሽ እየለካ በጠብታ የሚያወርድ ባለ መስመር ቱቦ ነው። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ የቀሩት ስልክ ይነካካሉ። ማታ ዶርም ውስጥ ሪፖርቱ ይገለበጣል። በዚህ መንገድ በወረቀት ሠላሳ ላብ የሠራ፣ በእጁ ግን ፒፔት፣ ፈሳሽ ለክቶ የሚስበውን ቱቦ፣ ያልያዘ ሰው ይመረቃል። እሱ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ተራ አውጡ። «ዛሬ እኔ ልያዝ፣ ለሚቀጥለው አንቺ ትይዣለሽ» ተባባሉ። ጎበዙ ልጅ ቅር ቢለውም ይለፈው። ከመግባታችሁ በፊት ማኑዋሉን አንብቡና የምትሠሩትን በራሳችሁ ቃል ግማሽ ገጽ ጻፉ። ያነበበ ሰው ስለሚያስፈልግ ቡሬቱ ወዲያው ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ወደቅሁበት ፈተና። 37 ከመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሊትር ወደ 12 ሞል ይይዛል። 0.1ን በ1000 ሚሊ ሊትር አባዝታችሁ ለ12 ስታካፍሉ 8.3 ሚሊ ሊትር ይመጣል። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። እጄ ግን እንዲህ መሥራት ነበረበት፦

ጋውን፣ መነጽርና ጓንት ይለበሳል። ጠርሙሱ የሚከፈተው ጭስ በሚስበው ሳጥን (ፊውም ሁድ) ውስጥ ነው፤ አሲዱ እንደተከፈተ ይጨሳልና።

ቀጭን አንገት ያለው ባለ 1 ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ይዘጋጃል። ግማሽ ያህል ዲስቲልድ ውሃ አስቀድሞ ይገባበታል።

አሲዱ በፒፔት ተለክቶ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይገባል። ውሃ አሲድ ላይ አይደፋም፤ በሚፈጠረው ሙቀት ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ሊረጭ ይችላል። ፒፔቱ የሚሳበው በጎማው ነው። በአፍ የሚስብ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፣ መምህርም ቢሆን።

ሲቀዘቅዝ እስከ መስመሩ ይሞላል። ዓይን ከመስመሩ ጋር እኩል ይሆናል፣ የሚነበበውም የፈሳሹ ጎድጓዳ ታችኛው ጫፍ ነው። ከዚያ ተከድኖ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይገለባበጣል።

ጠርሙሱ ላይ ስሙ፣ መጠኑ፣ ቀኑና ያዘጋጀው ሰው ይጻፋል።

አላለቀም። አሲዱ ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ስለሚተን 37 ከመቶ የሚለው ጽሑፍ እንደ ቀጠሮ ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በደረቀ ሶዲየም ካርቦኔት ታይትሬት አድርጋችሁ፣ ማለትም አሲዱን ከቡሬት ጠብ እያደረጋችሁ ምላሹ እስኪያልቅ ስንት እንደፈጀ ለክታችሁ፣ እውነተኛውን መጠን ታገኛላችሁ። 0.1 መስሏችሁ 0.0987 ሊወጣ ይችላል። የሚጻፈው ሁለተኛው ነው። ታይትሬሽኑን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሥሩ፤ ንባቦቹ በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ካልተቀራረቡ ድገሙት።

እኔ ምን አደረግሁ? ቤከር ተጠቀምኩ። ቤከር ላይ ያለው መስመር እስከ 5 ከመቶ የሚሳሳት ግምት ነው፤ ለመለኪያ አልተሠራም። በዚያ ላይ አሲዱን አስቀድሜ ቀዳሁ፣ ውሃውን ከላይ ደፋሁ። ፈታኙ ከዚያ በላይ ምን ይይ?

የላብ ደብተራችሁን በእስክሪብቶ ጻፉ። የተሳሳተውን ቁጥር በአንድ ሰረዝ ሰርዙት፤ ከሥሩ ያለው ይነበብ። ፍሉድ አትቀቡ። ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ የገጠመ እንዲመስል ቁጥር አትፍጠሩ፤ ለምን እንዳልገጠመ ሁለት መስመር ጻፉ። እውነቱን ለመናገር ፋብሪካ ውስጥ ገንዘብ የሚከፈላችሁ ለዚያች ሁለት መስመር ነው።

ላቡ ዕቃ ከሌለውስ? ኬሚካል ካለቀስ? ይህ ቅሬታ እውነት ነው፣ መፍትሔውም ሙሉ አይደለም። እኔን ያዳነኝ የላብ ቴክኒሻኑ ነው። አዛውንት ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። 3ኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዕቃ ማጠብ ትችላለህ?» አሉኝ። እንደማልችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ብርጭቆ በሳሙና ይታጠባል፣ በቧንቧ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በዲስቲልድ ሦስት ጊዜ። በንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውሃ እንደ ስስ ሽፋን ይወርዳል። እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ቅባት አለበት። ከአንድ ወር በኋላ ሶሉሽን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካል፣ ማዘጋጀት አስጀመሩኝ። ከእሳቸው ያገኘሁት ከብዙ ኮርስ ይበልጣል።

ቤት ውስጥም መለማመድ ይቻላል። ከርከዴ አፍሉና አጣሩት። ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ስታደርጉበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የአመድ ውሃ ስትጨምሩበት ቀለሙ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። ኢንዲኬተር ማለት ይኸው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሽንት ቤት ሲያጥቡ ሁለቱን የሚደባልቁ ሰዎች አሉ። እናንተ እንኳ ለእናቶቻችሁ ንገሩ።

4. ዘርፋችሁን በናሙና ምረጡ

ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካል፣ አናሊቲካል። አራቱንም ትማራላችሁ። ልብ የሚወደው ብዙ ጊዜ ኦርጋኒክ ነው። እዚህ አገር እንጀራ የሚያበላው ግን አናሊቲካል ነው፤ የሚለካ ነገር ሞልቷል፣ የሚለካ ሰው ደግሞ ይፈለጋል። ዩቪ-ቪዚብል፣ አቶሚክ አብዞርፕሽን፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ኤችፒኤልሲ የሚባሉትን የመለኪያ መሣሪያዎች ተማሩ። መሣሪያው ግቢያችሁ ውስጥ ቆሞ ቢሆንም ውጤቱን ማንበብ ተማሩ፤ ክሮማቶግራሙ (መሣሪያው የሚያወጣው ግራፍ) ላይ ያለው ተራራ ምን እንደሚል፣ ካሊብሬሽን መስመር፣ መጠናቸው በታወቀ ናሙናዎች የሚሰመረው ማነጻጸሪያ፣ በኤክሴል እንዴት እንደሚሠራ። ኤክሴል የማይችል ኬሚስት ሥራ ቦታ ላይ ግማሽ ሰው ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ናሙና ከሰፈራችሁ ያዙ። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላደገ ሰው ፍሎራይድ አለለት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚያስቀምጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። የልጆች ጥርስ የሚበልዘው ለዚህ ነው። በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ነገሩ አጥንት ድረስ ዘልቆ በጥናት ተመዝግቧል። ናልጎንዳ የሚባለው የፍሎራይድ ማጣሪያ ዘዴ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሊሞክረው ይችላል።

ከሰፈር የተነሣ ናሙና የት እንደሚደርስ እንዶድን እዩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከወንዙ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። እሳቸው ኬሚስት አልነበሩም፤ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። ፍሬው ውስጥ የሚገድለው ምንድን ነው ለሚለው መልስ የሰጡት ኬሚስቶች ናቸው። ሳፖኒን፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የዕፅዋት ውህድ፣ ሆኖ ተገኘ፣ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ወስደዋል።

ሌሎች ምን እንደሠሩ ለማየት የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበርን መጽሔት ክፈቱ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። ርዕስ ያጣ ሰው እዚያ ግማሽ ቀን ቢያሳልፍ አይከስርም።

5. የተግባር ልምምዱን ራሳችሁ ፈልጉ

ዲፓርትመንቱ እስኪመድባችሁ አትጠብቁ። የትብብር ደብዳቤ አስጽፉ፣ ሦስት አራት ኮፒ ያዙ፣ በአካል ሂዱ። ዘበኛው ቢመልሳችሁ የላብራቶሪ ኃላፊውን ስም ጠይቁና በማግስቱ በስም ተመለሱ። ይሠራል።

ወዴት? የምትማሩትን ከሚመስል ቦታ። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ለገዳዲን ወይም ገፈርሳን አስቡ። የጥሬው ውሃ ድፍርስነት ከክረምት እስከ በጋ ስለሚለያይ ድፍርሱን ለማዝቀጥ የሚጨመረው አልሙኒየም ሰልፌት መጠን በየጊዜው ይፈተሻል። የተለያየ መጠን በተርታ ቤከሮች ውስጥ ይጨመርና የትኛው ቶሎ እንደሚጠል ይታያል። አልሙኒየም ሰልፌቱ አገር ውስጥ፣ አዋሽ መልካሳ ላይ ይመረታል። በመጨረሻ ክሎሪን ይጨመራል፤ ቤታችሁ ቧንቧ ላይ ሲደርስም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። ይህንን የሚያረጋግጠው ኬሚስት ነው።

ቢራ ፋብሪካ የብዙ ተማሪ ምኞት ነው፤ ምክንያቱን አልጠይቅም። ጊዮርጊስ ቢራ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. 1922 ወዲህ ጠመቃ ብዙ ተለውጧል፤ ዛሬ የአልኮል መጠኑ፣ መራራነቱ፣ የሟሟው ኦክስጅን ሁሉ በመሣሪያ ይለካል። ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ቋንቋው ብሪክስና ፖል ነው፤ ጭማቂው ውስጥ ስንት ደረቅ ነገር፣ ከእሱ ውስጥ ስንቱ ስኳር። ሲሚንቶ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ናሙና ይመጣል፤ ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ከእሳት የወጣ ድንጋይ) ውስጥ ሳይዋሃድ የቀረ ኖራ ከበዛ ሲሚንቶው በኋላ ያብጣል። ቂሊንጦ ያሉ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ውስጥ ኤችፒኤልሲ እንጀራችሁ ይሆናል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ፍሳሽ ታክሞ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ያንን ማየት ብቻውን ትምህርት ነው።

ቆዳ ፋብሪካ ከሄዳችሁ፣ ሞጆ ላይ ብዙ ናቸው፣ አንድ ነገር ጆሯችሁ ላይ ይሁን። ፀጉር ለማንሣት የሚጠቀሙበት ሶዲየም ሰልፋይድ ከአሲድ ፍሳሽ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትጠጉ፤ ሩጡ።

በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት ማንም ምንም አይሰጣችሁም። ተመልከቱ፣ ጻፉ፣ ዕቃ እጠቡ። በሁለተኛው ሳምንት «ይህንን ናሙና አብሬዎት ልሥራ?» በሉ። የሠራችሁትን በቀንና በዘዴው ስም መዝግቡ፤ ሲቪያችሁ የሚወጣው ከዚህች ማስታወሻ ነው።

6. የመውጫ ፈተናውን አትናቁ፣ አትፍሩትም

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ማለፊያው 50 ነው። ምርጫ ጥያቄ ስለሆነ እንደ ሌላ ፈተና በመጨረሻው ወር ለመቸከል ያታልላል። የፈተናውን ብሉፕሪንት፣ የሚጠየቁትን ርዕሶች ዝርዝር፣ ከዲፓርትመንቱ ውሰዱ፣ ከ3ኛ ዓመት ጀምሮ በእያንዳንዱ ኮርስ መጨረሻ 10 ጥያቄ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ወድቆ ደግሞ መውሰድ ይቻላል፤ የሚያልፈው ጊዜ ግን አይመለስም።

7. ሥራ ፍለጋ

ማስታወቂያዎቹን ስታነቡ «በኬሚስትሪ፣ በአፕላይድ ኬሚስትሪ፣ በኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ወይም በተዛማጅ» የሚል ታገኛላችሁ። «0 ዓመት» የሚለውን ፈልጉ፤ ለእናንተ የተጻፈው እሱ ነው። «2 ዓመት» ቢልም ያ የልምምድ ማስታወሻ ካላችሁ አመልክቱ። በማመልከታችሁ የሚያባርራችሁ የለም።

ከፋብሪካው ውጭ መንግሥት ብዙ ላብራቶሪ አለው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ምርምር ተቋማት የአፈር ላብራቶሪዎች፣ የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ የፖሊስ ፎረንሲክ። ወደ ውጭ የሚላክ ቡናና ሰሊጥ የፀረ-ተባይ ቅሪት ምርመራ ስለሚጠየቅ የግል ላብራቶሪዎችም አሉ። እነዚህ ቦታዎች አይኤሶ 17025 ስለሚባል የላብራቶሪ ብቃት መስፈርት ይጠይቋችኋል። ከቃለ መጠይቁ በፊት አንብቡት። ሰነዱ አሰልቺ ነው፤ እሱን አልደብቃችሁም።

ሲቪ ላይ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» አትበሉ። «አሲድና ቤዝ ታይትሬሽን፣ የውሃ ጥንካሬ በኢዲቲኤ፣ ቀሪ ክሎሪን፣ ካሊብሬሽን በኤክሴል» በሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ አንዷን እንድትሠሩ ይጠይቋችኋል። የማትችሉትን እንዳትጽፉ። ለሥራ ማስገቢያ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አጭበርባሪ ነው። ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል።

የራሳችሁን መጀመርም ይቻላል። ፈሳሽ ሳሙና፣ ያው ላርጎ የምንለው፣ መርካቶ በሚሸጡ ነገሮች ይሠራል። ሰልፎኒክ አሲድ፣ ካስቲክ ሶዳ፣ ቴክሳፖን፣ ጨው። ብዙ ሰው ቀመሩን ከዩቲዩብ ገልብጦ ይጀምራል። ከዚያ ምርቱ አንዴ ይወፍራል አንዴ ይቀጥናል፣ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ጨው እስከ አንድ ልክ ድረስ ያወፍራል፤ ካለፈ መልሶ ያቀጥናል። ፒኤች፣ የአሲድነቱን ልክ፣ የማይለካ ሰው የደንበኛውን እጅ ይልጣል። የኬሚስት ጥቅሙ እዚህ ይታያል። ንግድ ፈቃዱንና የደረጃ ምርመራውን አትዝለሉ። ከ4 ኪሎ ላብ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ አሉ፤ በዕፅዋት ኬሚስትሪ ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ አሪቲ ኸርባልን መሥርተው ከአገር ዕፅዋት ዘይት አውጥተዋል።

8. ማስተርስ፣ ፒኤችዲ፣ ውጭ አገር

አንድ ዓመት ሠርታችሁ ብትማሩ እመርጣለሁ፤ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ውጭ አገር ለምታስቡ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የኬሚስትሪ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ፍሬሽማን ላብ እያስተማራችሁ ወይም ምርምር እየሠራችሁ ትምህርቱ ይሸፈናል፣ የወር ገንዘብም ይሰጣችኋል። ብዙ ቦታ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ማመልከት ይቻላል። መዝጊያው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ ለዲፓርትመንቱ ጻፉና ክፍያው እንዲቀርላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎች ያነሡላችኋል። ለፕሮፌሰር ስትጽፉ አምስት መስመር ይበቃል። የራሱን አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። ጀርመንን ለምታስቡ ዳድ የሚባለው የነፃ ትምህርት ዕድል አለ።

ዘመድ ወስዷችሁ ሜሪላንድ ለምትገኙ ደግሞ፣ ዲግሪያችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። አስገምግሙት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዋና ግቢ ያለው ሐበሻ በሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሮክቪልና ጌይተርስበርግ በመድኃኒትና በባዮቴክ ድርጅቶች የተሞሉ ናቸው። በላብ ቴክኒሻንነት የሚጀምር ብዙ ነው። ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ግን ትራንስክሪፕታችሁን አስልኩ ወይም አረጋግጡ፤ ከሄዱ በኋላ በወኪል ማሳደድ ዓመት ይፈጃል።

9. የመጀመሪያው ሺፍት

ሁለተኛውን የሥራ ፈተናዬን አለፍኩ። ቮልዩሜትሪክ ፍላስኩን ሳነሣ ፈታኟ ፈገግ ስትል አየኋት። የሌሊት ሺፍት ሰጡኝ፤ አዲስ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በመጀመሪያው ወር የመሣሪያዎቹን ካሊብሬሽን ቀን፣ የኬሚካሎቹን ማለቂያ ቀንና የአደጋ ጊዜ መታጠቢያውን ቦታ እወቁ። የዓይን ማጠቢያው ውሃ እንዳለው ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። ከእናንተ በፊት የነበረውን ሰው መዝገብ አንብቡ።

አንድ ነገር ይመጣል፤ ስሙን አልጠራም፣ ከአንድ ቦታ በላይ አይቼዋለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ውጤቱ ከወሰን ውጭ ይወጣል። መስመሩ ከቆመ ኪሳራ ነው። የሺፍት ኃላፊው ይመጣና «ትንሽ አስተካክለውና እንለፍ» ይላል። አትጣሉት። «እሺ ጋሽዬ፣ አንዴ ልድገመው» በሉ። በአዲስ ሶሉሽን ድገሙት። ሁለቱንም ውጤት በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ሰዓት አኑሩበት፣ ፈርሙ። የቀረውን ናሙና በስሙና በሰዓቱ ለጥፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ።

እኔ እንደዚያ አደረግሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የጥራት ኃላፊዋ ገባች። ናሙናውን ከፍሪጅ አወጣች፣ ጋውኗን ለበሰች፣ ራሷ ታይትሬት አደረገችው። ደብተሬን ገልጣ ከእኔ ቁጥር ሥር የራሷን ጻፈች። በ0.05 ሚሊ ሊትር ነው የተለያየነው።